በፈረስ ቀን የገቡት

ሚጡን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ፣ የጋሪ ፈረሶች ውሃ የሚጠጡበትን ገንዳ አልፌ ዳገቱን ስያያዘው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለሆነ የመንገዱ ድንጋይ ያንሸራትታል። ያን ጊዜ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ደግሞ ከእኔ በአሥር ዓመት ይበልጣል። ቢሆንም አልቆምኩም። በየጥቂት እርምጃው ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋለሁ፤ በዚያውም ብርድ ልብሱ ከእግሯ ላይ ወርዶ እንዳይሆን በእጄ እዳስሳለሁ። ትንፋሿ ወደ ውስጥ ሲገባ የዛገ በር ሲከፈት እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ አለው። ሲወጣ ያርፋል። ከዚያ ደግሞ ይመጣል።

"አያቴ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ጨርቅ አለ" አለችኝ። ድምፅ አይደለም፣ ሹክሹክታ ነው። አራት ዓመቷ ነበር።

"ይወጣል የኔ እናት። አትናገሪ።"

ጨርቅ ያለችውን ከቤት ልወጣ ስል ማንኪያ ምላሷ ላይ ጭኜ አይቼዋለሁ። በጉሮሮዋ ግራና ቀኝ እንደ እርጥብ ስስ ቆዳ ተለጥፏል፤ ነጭም ግራጫም ያልሆነ ነገር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የልጆች ሐኪም ቤት ልብስ ያጠበ ሰው ያንን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልገውም። ጉሮሮ ዘጊው ነው። በዚያ ክረምት ከእኛ ሰፈር ብቻ ሰባት ልጅ ወስዷል።

እናቷ፣ የልጄ ሚስት፣ ከወለደች ገና ዘጠኝ ቀኗ ነው። ልጄ የባቡር ከሰል ጨማሪ ነበርና ከሁለት ቀን በፊት አይመለስም። ምራቴ አራስ ሕፃኑን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ፣ ወደ ሚጡ ልትጠጋ ትልና ሕፃኑን አይታ ወደኋላ ትመለሳለች። "እማዬ፣ እኔ የማምነው እርስዎን ነው" አለችኝ። "እርስዎ ቤቱን ያውቁታል።"

አዎ፣ ቤቱን አውቀዋለሁ። ጣጣውም እሱ ነው።

የሐኪም ቤቱ በር ላይ ስደርስ ዘበኛው ጥላውን አጥፎ፣ "እትዬ፣ ለግማሽ ቀን ፈቃድ ወስደሽ አልነበር? ምን ተሸክመሽ ነው?" አለኝ።

"ብርድ ልብስ" አልኩት። ውሸት አይደለም፣ ብርድ ልብስም ነበር።

በቀኝ በኩል ያለው ደረጃ ወደ መቀበያው ክፍል ይወስዳል። እዚያ መዝጋቢው አለ፣ ተረኛ ሐኪሙ አለ፣ ልጅ ይዞ የመጣ ሁሉ በዚያ ነው የሚገባው። እኔ ግን ወደ ግራ ታጥፌ፣ የከሰሉን ክምር ዞሬ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረድኩ።

ለምን እንደወረድኩ ልንገራችሁ።

ባለፈው ወር መባቻ አንድ አዲስ መድኃኒት ገብቶ ነበር። ከሐኪም ቤቱ ጀርባ በረት ውስጥ አራት ፈረሶች ይቀለባሉ፤ ከእነሱ ደም ላይ የሚቀዳ ቢጫ ውሃ ነው አሉ። በብርጭቆ መርፌ ጭን ላይ ይወጋል። ዋናው ሐኪም ግን ለሁሉም ልጅ አልሰጠም። አንድ ቀን የሚገቡት ሁሉ ይወጋሉ፣ በሌላው ቀን የሚገቡት ደግሞ እንደ ድሮው ነው የሚታከሙት፦ ጉሮሮ ማጠብ፣ የእንፋሎት ድንኳን ውስጥ ማስተኛት፣ ጨርሶ ሲዘጋ አንገት ላይ ቀዶ የብር ቱቦ ማስገባት። እኛ ታች ያለነው የመጀመሪያውን የፈረስ ቀን፣ ሁለተኛውን የእንፋሎት ቀን እንለው ነበር።

አንድ ቀን አንሶላ ተሸክሜ ስወጣ ዋናው ሐኪም ደረጃው ላይ ቆሞ ለአስታማሚዎቹ ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ። አንዷ ይህ ነገር ግፍ አይደለም ወይ ብላው መሰለኝ። "ሲያሳዝነኝ እየሰጠሁ፣ ሳያሳዝነኝ እየነፈግሁ ብሠራ፣" አላት፣ "በመጨረሻ የማውቀው ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን ስለ ራሴ ሆድ ነው። ከልጅ ልጅ እኔ አልመርጥም። ቀኑ ይምረጥ።" ለወላጆች ይህ አይነገርም ነበር። ልጃቸውን ያስረክባሉ፣ ይጸልያሉ።

ቀኑን እኛ የምናውቀው በክር ነው። በየዕለቱ አዲስ የገቡት ልጆች ከቤት ለብሰውት የመጡት ልብስ በአንድ ላይ ተጠቅልሎ ለመቀቀል ወደ እኛ ይወርዳል። በፈረስ ቀን የገቡት ጥቅል በቀይ ክር ይታሰራል፣ በእንፋሎት ቀን የገቡት በነጭ። ታጥቦና ተተኩሶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ ሲድን ወላጅ መጥቶ ይወስዳል። ካልዳነ የሚመጣ ሰው የለም። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁና ቁጥር አይጠፋኝም። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ከነጩ መደርደሪያ ላይ ባለቤት ያጣው ልብስ የዘጠኝ ልጅ ነበር። ከቀዩ ላይ የሦስት። ዋናው ሐኪም ላይ ሆኖ ሲቆጥር እኔም ታች ሆኜ እቆጥር ነበር፤ እሱ ገና ሲያመዛዝን እኔ ቆርጫለሁ።

ትናንት የወረደው ጥቅል ቀይ ነበር። እንግዲያው ዛሬ ነጭ ነው። ነገ ደግሞ ቀይ።

ደግነቱ፣ የሐኪም ቤቱ ቀን የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የቀኑ ተረኛ ይወጣል፣ የማታው ይገባል፣ ደወል ይደወላል፣ መዝጋቢው አዲስ ገጽ ይገልጣል። ከደወሉ በኋላ የመጣ ልጅ በነገው ቀን ይጻፋል። የሚያስፈልገኝ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር።

ታች ልብስ ጠጋኟ ብቻዋን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አንሶላ ትሰፋለች። ስሟን የሚጠራ የለም፤ መርፌ ነው የምንላት፣ ለእጇም ለአፏም። ሌሎቹ አጣቢዎች ጓሮ ልብስ ሊያሰጡ ወጥተዋል። ብርድ ልብሱን ስገልጥ መርፌ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና አለች።

"እትዬ፣ ይህን ምን ይሉታል?"

"በሩን ዝጊልኝ።"

"ብዘጋው ትድናለች?"

"ዛሬ የእንፋሎት ቀን ነው። እስከ ደወሉ እዚህ ላቆያት ነው።"

መርፌ ተነስታ በሩን ዘጋችው። ከዚያ መጥታ ሚጡን አየቻትና ወገቧን ያዘች። "እንፋሎት ከሆነ እዚህም እንደ ጉድ ነው።"

"እኔም የምለው እሱን ነው። ላይ የሚሰጧትን እዚህ ታገኛለች። ደወሉ ሲደወል ደግሞ የፈረሱን ትጨምራለች። ምን ይጎዳታል?"

"ዋናው ሐኪም ይህን ቢሰማ ወንበሩን ይለቅልሽ ነበር።"

ሚጡን ከትልቁ የመዳብ ድስት አጠገብ፣ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ በሚደርስበት፣ እሳቱ ግን በማይፈጃት ቦታ አስቀመጥኳት። ከጀርባዋ ንጹሕ የትራስ ልብሶች ደረደርኩላት። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ቀለል አላት። ያ የዛገ በር ድምፅ ረገብ አለ። ወደ ማንጠልጠያው እያየች፣ "እነዚያ ሰዎች ናቸው?" አለችኝ፤ የአስታማሚዎቹ ነጭ ሸሚዞች እጃቸውን ዘርግተው ተሰቅለው ነበር።

"ሸሚዝ ነው።"

"ጭንቅላታቸውስ?"

"ቤት ረስተውት መጡ" አለቻት መርፌ። ሚጡ ልትስቅ ስትል ሳሉ መጣባት። እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ደረቅ ሳል። መርፌን በዓይኔ ገረመምኳት።

አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ተኩል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት እንፋሎት እየገባበት ሁልጊዜ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፤ ይህን አውቃለሁ፣ ግን ዓይኔን ከላዩ ላይ ልነቅል አልቻልኩም። እጄን ልብሷ ሥር አስገብቼ ጎኗን ያዝኩ። ትንፋሽ በሳበች ቁጥር ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። መጀመሪያ ጣቴን አይውጥም ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይውጥ ጀመር። ከአንገቷ ሥርም፣ ሁለቱ አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ፣ እንዲሁ ጉድጓድ ያወጣል። ውሃ በማንኪያ ሰጠኋት፤ በአፍንጫዋ ወጣ።

መርፌ ሥራዋን ትታ ከፊታችን ቁጢጥ አለች። አሁን የሚያላግጥ ፊት አልነበራትም።

"እትዬ፣ አሁን ውሰጃት።"

"አንድ ሰዓት ነው የቀረው።"

"ልጅ እኮ ልብስ አይደለም፣ እስኪደርቅ የሚጠበቅ።"

"ነጩን መደርደሪያ እይው" አልኳት። "ዞር በይና እይው። ያቺን ሰማያዊ ቀሚስ እኔ ነኝ የተኮስኳት። የአንገቷን ዳንቴል አንቺ ነሽ የሰፋሽው። የመጣ ሰው አለ?"

መርፌ አልዞረችም። ሁለታችንም ቀሚሷ የት እንዳለች እናውቃለን።

"ምን ላድርግ?" አልኳት። "አንቺ ብትሆኝ?"

"እኔ ልጅ የለኝም።" የሚጡን እግር በብርድ ልብሱ ሸፈነችና፣ "እኔ ብሆን ፈርቼ እወስዳት ነበር" አለች። "አንቺ ፈርተሽ ትይዣታለሽ። ፍርሃቱ አንድ ነው። አላውቅም።"

እንዲህ ስንባባል ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ዕቃ አመላላሹ ነው። አንድ እግሩ ያጥረዋል፣ ወታደር ቤት ረግጦ አያውቅም፣ ግን ሻምበል ነው የሚባለው፣ ሰውን ሁሉ ስለሚያዝ። የዕለቱን ጥቅል ብብቱ ሥር ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ሚጡን አላያትም፤ ድስቱ ጋርዷታል። የግድግዳው ሰዓት ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ይላል።

ጥቅሉ በቀይ ክር ታስሯል።

"ሻምበል፣ የትናንቱን ነው እንዴ ያመጣኸው?"

"የትናንቱንማ ትናንት አመጣሁት።"

"ክሩ ቀይ ነው።"

"እሰይ፣ ዓይንሽ ደህና ነው።"

"ትናንት የፈረስ ቀን ነበር።"

"ዛሬም ፈረስ ነው" አለ ሻምበል፣ ልክ እንደሚያውቅ ሰው ጣቱን ቀስሮ። "ያለፈው ወር ሠላሳ አንድ ቀን ነበረው፤ ትናንት ሠላሳ አንድ፣ ዛሬ አንድ። ዋናው ሐኪም የሚሄደው በወሩ ቀን ቁጥር ነው። ጎዶሎ ከሆነ ፈረስ፣ ሙሉ ከሆነ እንፋሎት። ሁለት ጎዶሎ ተከታትሎ ሲመጣ መዝጋቢውም ጠዋት ግራ ገብቶት ሄዶ ጠይቋል። ነገ ነው እንፋሎቱ።"

አንድ፣ ሠላሳ አንድ። ሙከራው ከተጀመረ ገና አንድ ወሩ ስለነበር ወር ሲሞላ ምን እንደሚሆን አይተን አናውቅም። ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ። የሰው ልብስ ስንቆጥር ቀን መቁጠሪያውን ቀና ብሎ ያየ የለም። ሐኪም ቤቱን ረግጣ የማታውቅ ሴት ብትሆን ኖሮ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በቀኙ ደረጃ ወጥታ ልጇን አስወግታ ነበር። እኔ ግን ቤቱን አውቀዋለሁ።

ሚጡን እንዴት እንዳነሳኋት አላስታውስም። መርፌ በሩን ከፈተችልኝ፣ ወድቆ የቀረ ጫማዬን ይዛ ከኋላዬ ሮጠች። የከሰሉን ክምር ዞርኩ። ግቢውን አቋረጥኩ። ሠላሳ ስድስት ደረጃ ነው ያለው። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ደወሉ ከራሴ በላይ ተደወለ። ያ የታች ሰዓት ወደኋላ ይቀራል ብያችኋለሁ።

መቀበያው ክፍል ስገባ መዝጋቢው መነጽሩን እየጠረገ ነው። ትልቁ መዝገብ ፊቱ ተዘርግቷል፤ ገጹ ባዶ ነው፣ ከላይ ብቻ በአዲስ ቀለም "ሁለት" ተብሎ ተጽፏል። የቀለም መምጠጫ ወረቀቱ ገና አልተነሳም።

"እትዬ?" አለ ደንግጦ። "የማን ልጅ ናት?"

"የልጄ ናት። በአንድ ጻፍልኝ።"

"ደወሉ ተደውሏል።"

"ሰምቼዋለሁ። በአንድ ጻፍልኝ።"

"እኔ ቀን አልፈጥርም እኮ" አለ፤ ሲናገር ግን ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ እሱም አያት ነው። "የመጣችበትን ነው የምጽፈው።"

የማታው ሐኪም፣ ገና ካፖርቱን ያላወለቀ ወጣት ሰው፣ ሚጡን ከእጄ ተቀብሎ ወደ መብራቱ አዞራት፣ ጉሮሮዋን አየ፣ ለአስታማሚዋ "ወደ እንፋሎት ድንኳን፤ የመቅደጃውንም ዕቃ አዘጋጁ" አላት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ዋናው ሐኪም ባርኔጣውን ይዞ ሊወጣ በሩ ላይ ቆሟል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሰላምታ በቀር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

መንገዱ ላይ ቆምኩበት።

"ዶክተር፣ ልጅቷ የገባችው አሁን አይደለም። ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ታች ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነበረች። እኔ ነኝ የደበቅኳት።"

አየኝ። "ለምን?"

"ዛሬ የእንፋሎት ቀን መስሎኝ። የፈረሱ ቀን እስኪገባ ነው የጠበቅኩት። ተሳሳትኩ።"

ሚጡን አያት። ምናልባት ሦስት ትንፋሽ ያህል፤ የሚጡን ትንፋሽ ነው የቆጠርኩት። ከዚያ ወደ መዝጋቢው ዞረ። "ጻፋት። ከዚያ ሰርዛት።"

"እንዴት ዶክተር?"

"ስሟን ጻፍ፣ በላዩ ላይ መስመር አስምር። ቀን ተመርጦላት ነው የመጣችው። ከቁጥሩ ውስጥ አትገባም።"

"ከቁጥሩ ከወጣች በየትኛው ትታከም?" አለ ወጣቱ ሐኪም።

"ከቁጥር የወጣን ልጅ እኔ እንደፈለግሁ ነው የማክመው" አለ ዋናው ሐኪም። ባርኔጣውን ወንበር ላይ ጣለ። "መርፌውን አምጡ።"

እግሯን የያዝኩላት እኔ ነኝ። የብርጭቆው መርፌ የጠቋሚ ጣቴን ያህል ይወፍራል፤ ፈሳሹ የቆየ ዘይት ይመስላል። ሚጡ ለመጮህ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ከዚያ የከፋ ነገር አይቼ አላውቅም።

ዋናው ሐኪም ሲጨርስ እጁን እየታጠበ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ "ታች ያሉት ሁሉ ያውቃሉ?" አለ።

"ሁሉም ያውቃል። በክሩ።"

"በክሩ" አለ። ልብሱ እንዳይደባለቅ ብሎ ክሩን ያዘዘው ራሱ ነው። "ከእርስዎ በፊት የጠበቀ ሰው አለ? እማማ፣ አልቆጣም። ማወቅ ስላለብኝ ነው።"

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለመርፌም ቢሆን። "የበርሜል ሠሪው ሚስት ጎረቤቴ ናት" አልኩት። "ባለፈው ሳምንት ልጇ ሲታመም በሃያ ሁለት ልታመጣው ነበር። ነገ ውሰጂው፣ ነገ ይሻላል ያልኳት እኔ ነኝ።"

ፎጣውን እንደያዘ ቀረ። "በሃያ ሦስት የመጣው። በተወጋ በሁለት ሰዓቱ የሞተው።"

"እሱ ነው።"

"ያ ልጅ እንቅልፍ ነስቶኛል" አለ ቀስ ብሎ። "መድኃኒቱ ገደለው ብዬ ነበር የማስበው። ለመንግሥት ልጽፍ ነበር፣ ይቁም ብዬ።" ወንበሩ ላይ፣ ባርኔጣው ላይ ተቀመጠ፤ የተቀመጠበትን ያወቀ አልመሰለኝም። "የዘገየው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከመጣ ቁጥሩ ምን ይነግረኛል? እናንተ ለልጆቻችሁ መድኃኒቱን ስትመርጡ መድኃኒቱን እየገደላችሁት ነበር።"

"እኔ መድኃኒቱን አላሰብኩትም" አልኩት። "ልጅቷን ነው ያሰብኩት።"

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው ለእናንተ ያልተነገራችሁ።"

ከዚያ ተነስቶ ለመዝጋቢው ሁለት ነገር አዘዘ። ከነገ ጀምሮ ክሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ቀኑ ቀርቶ ልጅ ሲመጣ በታሸገ ፖስታ ዕጣ ይውጣ። ለእኔ ደግሞ፦ "የዛሬውን ለማንም አይንገሩ። ማጭበርበር ያስወጋል ተብሎ ከተሰማ ነገ ከተማው በሙሉ አጭበርባሪ ነው።" ከሥራ ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ ባርኔጣውን በክርኑ አቃንቶ ወጣ።

ሚጡን ከመቀበያው ቀጥሎ ባለው የመጠበቂያ ክፍል አስተኟት። አዲስ የገባ ልጅ መጀመሪያ እዚያ ነው የሚቆየው። ሁለት አልጋ ብቻ ነው ያለው። ብርድ ልብሱን እያስተካከልኩ፣ ትንፋሿን እየቆጠርኩ ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሁለተኛውን አልጋ አንዲት እናትና ልጇ ያዙት። ዓሣ ሻጭ ናት፤ የሸራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፣ ቅርፊት ተጣብቆበት በመብራቱ ያብለጨልጫል። ልጇ ሚጡን ያህላል። ጉሮሮ ዘጊው ነው፣ ግን ከሚጡ ገና ቀሎት ነበር፤ ከንፈሩ ቀይ ነው፣ ማንነቴን ጠየቀኝ። እንደያዘው ወዲያው ነው ያመጣችው። አልዘገየችም፣ አልተደበቀችም፣ ምንም አታውቅም። በሁለት ተጻፈ፤ ገጹ ላይ ከሚጡ ሥር። የእንፋሎቱን ድንኳን ዘረጉለት።

ሴትዮዋ የሚጡን ጭን አየች። ከፋሻው ጥግ ትንሽ ደም ይታያል።

"የእርስዎን ወጓት?"

"ወጓት።"

"የኔን አልወጉትም። ለምን ይሆን? ቀሎት ነው?"

ፊቷ ላይ ተስፋ ነበረ። ምን ልበላት? ለዋናው ሐኪም ቃል ገብቼለታለሁ፤ እሱን ባልፈራ እንኳ እውነቱን ብነግራት ምን ታደርገዋለች? መድኃኒቱን ቀምታ አትወጋው። "የእኔዋ ከቁጥሩ የወጣች ናት" አልኳት። አልገባትም። ራሷን ነቀነቀች፣ እንደገባት ሰው።

"ታዲያ ቀሎት ነው" አለች ለራሷ።

አዎ አላልኩም። አይደለምም አላልኩም። የምቀመጥበት ወንበር ትራስ ነበረው፤ አውጥቼ ሰጠኋት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሚጡ ጎን መሰርጎዱን ተወ። በሦስተኛው ቀን ስታስል ያ ቆዳ ተቀርፎ መሀረብ ላይ ወጣ፤ አስታማሚዋ በመቆንጠጫ ይዛ አሳየችኝ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ያህል ነው። ማታውን በድምፅ፣ በእውነተኛ ድምፅ፣ ውሃ ጠየቀች። ልጄ ከባቡሩ ወርዶ ፊቱን ሳይታጠብ መጣና ከከሰሉ የተነሳ አላወቀችውም፤ አለቀሰች፤ ልቅሶዋን ቆመን ሰማነው፣ እንደ ዘፈን።

የዓሣ ሻጯን ልጅ በሁለተኛው ቀን አንገቱን ቀደዱት። የብር ቱቦው ለሁለት ቀን ረድቶት ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሞተ። ልብሱ ቀድሞ ታች ወርዶ ነበር፤ ክሩ አሁን ለሁሉም ጥቁር ሆኗል። መርፌ ናት ያጠበችው፤ እኔን አላስነካችኝም። ከዚያ በኋላ እኔም ወደ ወጥ ቤት ተዛወርኩ፣ በራሴ ጥያቄ።

ዓመቱ ሲያልቅ ዋናው ሐኪም ቁጥሩን ይፋ አደረገ። ዕጣውም ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የሚገባ ልጅ ሁሉ ይወጋል። መዝጋቢውን ለምኜው ያን ገጽ አሳየኝ። ከላይ የሚጡ ስም፣ በማስመሪያ ቀጥ ብሎ የተሰመረ መስመር በላዩ ላይ። ከሥሩ የዚያ ልጅ ስም፣ ምንም ያልነካው፣ ከአጠገቡ ዕድሜው፣ የገባበት ቀን፣ የሞተበት ቀን። የዓለም ሐኪሞች የሚያነቡት ቁጥር ውስጥ እሱ አለ። ሚጡ የለችም። መድኃኒቱ አድኗት ይሁን በራሷ ድና ይሁን ለማወቅ እንኳ አትጠቅምም አለኝ መዝጋቢው፤ ክፋት ፈልጎ አይደለም፣ ሥራው ስለሆነ ነው።

ሚጡ ዛሬ ሁለት ልጆች ወልዳለች። በየሳምንቱ ምላሳቸው ላይ ማንኪያ ጭኜ ጉሮሯቸውን ስለማይ ትቆጣኛለች።

ዓሣ ሻጯም አለች። ገበያው መግቢያ ላይ፣ እዚያው ቦታዋ ላይ ነው የምትቆመው። እኔን ካየች ሰው ቢሰለፍባትም ቢላዋዋን ታስቀምጣለች። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ሚጡ ነው። "ያቺ ልጅ ደህና ናት?" ትለኛለች፤ ደህና ናት ስላት ደስ ይላታል።